የእንቁራሪት እግር ያስተማረው ሊቅ፤ የሉዊጂ ጋልቫኒ የሕይወት ታሪክ

በበዓል ቀን ከብት ሲታረድ ቆሞ ያላየ ሰው ከመካከላችን ጥቂት ነው። እኔም ገና ሕፃን ሳለሁ በአንድ የፋሲካ ማለዳ በግ ታርዶ ቆዳው ከተገፈፈ በኋላ፣ አያቴ በትሪ ላይ ያኖሩት ሥጋ ብቻውን ሲርገበገብ አየሁና ደንግጬ ወደ ጓዳ ሸሸሁ። በጉ ሞቷል፤ ራሱም ከአንገቱ ተለይቷል፤ ታዲያ ሥጋውን የሚያንቀጠቅጠው ማን ነው እያልሁ አሰብሁ። አያቴን ብጠይቃቸው የበጉ ነፍስ ገና ተሟጣ አልወጣችም ብለው አባበሉኝ። ጥቂት ቆይቼ ድፍረት አግኝቼ ብመለስ ሥጋው ጸጥ ብሎ አገኘሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ጥያቄዎች በልቤ ቀሩ። አንደኛው የሞተውን ሥጋ ያንቀሳቀሰው ምንድን ነው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ጥቂት ቆይቶ ጸጥ ያሰኘው ምንድን ነው የሚል ነው።

አምና የሥነ ሕይወት መምህራችን በቤተ ሙከራ ውስጥ የእንቁራሪት እግር አዘጋጅተው፣ የመዳብ ሽቦና የዚንክ ቁራጭ አጋጥመው ነርቩንና ጡንቻውን ቢነኩት እግሩ እንደ ሕያው ተፈናጠረ። ከፊት ወንበር የነበሩት ጓደኞቼ ጮኸው ወደ ኋላ ሲሸሹ፣ እኔ ግን ያን የፋሲካ ማለዳ አስታውሼ ከቦታዬ ሳልነቃነቅ ቀረሁ። መምህራችንም ይህን ነገር ለብዙ ዓመታት በትዕግሥት የመረመረው ሉዊጂ ጋልቫኒ የሚባል የቦሎኛ ሐኪም መሆኑን ነገሩን። እኔም የዚህን ሰው ታሪክ ከልዩ ልዩ መጻሕፍት ለቃቅሜ እነሆ ለዘንድሮው መጽሔታችን አቀረብሁ። ይህን ለማድረግ ያነሣሣኝ ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱን ግን በመጨረሻው እገልጻለሁ። በጽሑፌ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ።

ትውልዱና ትምህርቱ

ሉዊጂ ጋልቫኒ በሴፕቴምበር 9 ቀን 1737 በቦሎኛ ከተማ ተወለደ። በዚያን ዘመን ኢጣሊያ በአንድ መንግሥት ሥር የምትተዳደር አገር አልነበረችም፤ ቦሎኛም የሮማው ፓፓ ግዛት ነበረች። አባቱ ዶሜኒኮ የወርቅ ሠሪ ነበር። ቤተሰቡ ከመሳፍንት ወገን ባይሆንም ልጆቹን ለማስተማር አቅም አላነሰውም።

ሉዊጂ ከልጅነቱ ጀምሮ ጸሎት የሚወድ ጭምት ልጅ ነበር። ዕድሜው 15 ዓመት ያህል ሲሆን ወደ አንድ የመነኮሳት ማኅበር እየተመላለሰ፣ ዓለምን ትቶ በዚያ ለመኖር አሰበ። ወላጆቹ ግን አሳቡን አልወደዱለትም። መክረው ዘክረው ከመንገዱ መለሱትና በ1755 ወደ ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ይህ ዩኒቨርሲቲ በአውሮፓ ካሉት ሁሉ እጅግ ጥንታዊ መሆኑ የታወቀ ነው። ሉዊጂም በዚያ ሕክምናና ፍልስፍና ተምሮ በ1759 በሁለቱም ተመረቀ።

ከተመረቀ በኋላ በሽተኛ እያከመ፣ ተማሪ እያስተማረና እየመረመረ ሦስቱን ሥራ አጣምሮ ያዘ። በመጀመሪያ የጻፈው ስለ አጥንት ነበር፤ ቀጥሎም የወፎችን ኩላሊትና ጆሮ መረመረ። በቦሎኛ የሳይንስ ተቋም የሰውነት ክፍሎችን ሁሉ ከሰም ተሠርተው የሚያሳይ ቤተ መዘክር ነበረና እርሱን እንዲጠብቅና እንዲያስተምርበት ተሾመ። በ1782 ደግሞ በዚያው ተቋም የማዋለድ ሕክምና መምህር ሆነ። እንግዲህ በኋላ ዓለምን ያስደነቀው ሰው የኤሌክትሪክ ሊቅ ሆኖ የተነሣ ሳይሆን፣ አጥንት የሚቈጥርና እናቶችን የሚያዋልድ ሐኪም እንደ ነበረ ማስተዋል ይገባል።

ሚስቱ ሉቺያ ጋሌአትሲ የመምህሩ ልጅ ነበረች። ከአባትዋ ቤት ጀምሮ ከሊቃውንት ጋር መነጋገር የለመደች ስለ ነበረች፣ በምርመራው ሥራ ሁሉ ከባልዋ አጠገብ ሆና ትረዳው ነበር። ልጅ አልወለዱም። ቤታቸው ግን ባዶ አልነበረም፤ ረዳቶችና ተማሪዎች የሚመላለሱበት፣ ጠረጴዛውም በመሣሪያና በእንቁራሪት የተሞላ ቤት ነበር።

ያች ብልጭታ

በዚያ ዘመን ሊቃውንትን ሁሉ ያስጨንቃቸው የነበረው ጥያቄ እኔን በሕፃንነቴ ያስጨነቀኝ ጥያቄ ነበር። እጄን ላንሣ ብዬ ሳስብ እጄ የሚነሣው በምን ኃይል ነው? ከጥንት ጀምሮ በነርቭ ውስጥ አንድ ረቂቅ መንፈስ ይፈሳል ሲባል ኖሯል። ኤሌክትሪክ እየታወቀ ሲሄድ ግን ያ ረቂቅ ነገር ምናልባት ኤሌክትሪክ ይሆን እንዴ ብለው የጠረጠሩ ሰዎች ተነሡ። ሌሎች ደግሞ የሰውነት ውስጥ ሁሉ እርጥብ ነው፤ ኤሌክትሪክ በእርጥብ ነገር ላይ ይበተናል እንጂ በአንዲት ቀጭን ነርቭ ተጠብቆ ሊሄድ አይችልም ብለው ተከራከሩ። ጋልቫኒ ከ1780 ጀምሮ ወደዚህ ክርክር ገባ፤ የገባው ግን በአፍ ሳይሆን በሙከራ ነው።

በ1781 መጀመሪያ ላይ በቤቱ አንዲት የተሰናዳች እንቁራሪት ጠረጴዛ ላይ ነበረች። ከወገብዋ በላይ ያለው ተቈርጦ፣ ሁለት እግሮችዋና ወደ እነርሱ የሚወርዱት ነርቮች ብቻ ቀርተው ነበር። በዚያው ክፍል እየተሽከረከረ በመፋተግ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ ነበረ፤ ነገር ግን ከእንቁራሪቷ ጋር የሚያገናኘው ምንም ነገር አልነበረም። ከረዳቶቹ አንዱ የቢላዋውን ጫፍ ወደ ነርቩ ቢያስጠጋ እግሮቹ በድንገት በኃይል ተኰማተሩ። በዚያችው ቅጽበት ከመሣሪያው ብልጭታ ወጥታ እንደ ነበር ሌላው አስተዋለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ተደንቆ ዝም ይል ነበር። ጋልቫኒ ግን ነገሩን ደጋግሞ ሞከረው። ቢላዋው ተነክቶ ብልጭታ ባይወጣ እግሩ አይንቀሳቀስም። ብልጭታ ወጥቶ የቢላዋው የአጥንት እጀታ ብቻ ቢያዝም አይንቀሳቀስም። ጣት ብረቱን ሲነካና ብልጭታው ሲወጣ ግን እግሩ ይፈናጠራል። እንዲህ እያለ አንዱን ነገር ብቻ እየለወጠ ሌላውን ሁሉ እንደ ነበረ እየተወ መረመረ። መምህራችን ሁልጊዜ የሚነግሩን የሳይንስ ሥርዓት ይኸው ነው።

መብረቅና የብረት አጥር

ከዚህ በኋላ ጋልቫኒ የመሣሪያው ብልጭታ ይህን የሚያደርግ ከሆነ የሰማይ መብረቅስ ምን ያደርግ ይሆን ብሎ አሰበ። ስለዚህ ረጅም ሽቦ ከቤቱ ጣራ በላይ ዘርግቶ ከእንቁራሪቷ ነርቭ ጋር አያያዘው፤ ከእግሩም ሌላ ሽቦ ወደ ውኃ ጕድጓድ አወረደ። ዝናም ሊዘንም ሰማዩ ጠቍሮ መብረቅ ሲበርቅ እግሮቹ በየብልጭታው ተወራጩ። ሥራው እጅግ አደገኛ ነበር፤ ከብዙ ዓመታት በፊት በ1753 ሪክማን የሚባል ሊቅ በሴንት ፒተርስበርግ የመብረቅን ኤሌክትሪክ ሲመረምር ተመትቶ ሞቶ ነበርና።

በ1786 ደግሞ ሰማዩ ሲጠራም የሚሆነውን ለማየት፣ በጀርባቸው አጥንት ላይ የነሐስ መንጠቆ የገባባቸውን እንቁራሪቶች በብረት አጥር ላይ ሰቀለ። ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ ምንም አልታየም። መጠበቁ ቢሰለቸው መንጠቆውን በእጁ ይዞ ወደ ብረቱ ተጫነው። በዚያን ጊዜ እግሮቹ ተንቀጠቀጡ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ መሣሪያም በአጠገቡ አልነበረም። ወደ ቤት ገብቶ በዝግ ክፍል ውስጥ በብረት ሰሌዳ ላይ ቢሞክረው አሁንም ያው ሆነ። ታዲያ ኤሌክትሪኩ ከሰማይም ከመሣሪያም ካልመጣ ከየት መጣ? ጋልቫኒ ከእንስሳው ከራሱ ሰውነት ነው ብሎ ደመደመ። ጡንቻ በውስጡና በውጭው ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ ለያይቶ የሚያከማች ዕቃ ነው፤ ነርቭና ብረት ሁለቱን ወገን ሲያገናኙ ኃይሉ ይፈታል ብሎ አሰበ።

ይህን ሁሉ በላቲን ቋንቋ ጽፎ በ1791 በቦሎኛ የሳይንስ አካዳሚ መድበል ውስጥ አሳተመ። ሙከራውን ከጀመረ 11 ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። ሉቺያ ግን መጽሐፉ ታትሞ ለማየት አልታደለችም፤ ከዚያ አስቀድማ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይታ ነበር።

ከቮልታ ጋር ያደረገው ክርክር

መጽሐፉ በአውሮፓ በተሰማ ጊዜ ሊቃውንት ሁሉ ሙከራውን ለመድገም ተሽቀዳደሙ። ከእነዚህም መካከል የፓቪያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር አሌሳንድሮ ቮልታ ነበረ። ቮልታ በ1792 ሙከራውን ደግሞ በመጀመሪያ አደነቀ፤ በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋለ። እግሩ በብርቱ የሚንቀሳቀሰው ሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች ሲገናኙ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ የሚወጣው ከብረቶቹ መገናኘት ነው፤ እንቁራሪቷ ኤሌክትሪክ መኖሩን የምታመለክት ረቂቅ መሣሪያ እንጂ ምንጩ አይደለችም አለ።

ጋልቫኒ ይህን ሲሰማ አልተሳደበም፤ ሌላ ሙከራ አሰበ እንጂ። በ1794 ስሙን ሳይገልጽ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ምንም ዓይነት ብረት ሳይኖር የተቈረጠውን ነርቭ ከጡንቻው ጋር ብቻ በማነካካት እግሩ እንደሚንቀሳቀስ አሳየ። በ1797 ደግሞ የአንዱን እግር ነርቭ በሌላው እግር ነርቭ ላይ በማሳረፍ ያንኑ አደረገ። ብረት በሌለበት ብረት ሊከሰስ አይችልም። ይህ ሙከራ ሕያው አካል በራሱ ኤሌክትሪክ እንዳለው ያረጋገጠ ነው።

ይሁን እንጂ ቮልታም አልተሸነፈም። አሳቡን ተከትሎ የዚንክና የብር ሰሌዳዎችን በጨው ውኃ በራሰ ወረቀት እየለየ በመደራረብ፣ ያለማቋረጥ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ዕቃ ሠራና በማርች 1800 ለለንደን የሊቃውንት ማኅበር በደብዳቤ ገለጸ። ዛሬ በእጅ ባትሪያችን ውስጥ የምንከተው ድንጋይ የዚህ ዕቃ ልጅ ነው። ዓለምም ቮልታ ረታ ብሎ ፈረደ። ጋልቫኒ ግን በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም።

ውድ ጓደኞቼ ሆይ፤ እኛ በክርክር ማኅበራችን አንዱ ከረታ ሌላው ግድ ተሳስቷል ማለት ይመስለናል። በዚህ ታሪክ ግን ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ሁለቱም ተሳስተው ነበር። በብረት አጥሩ ላይ እግሩን የቀሰቀሰው የብረቶቹ ኤሌክትሪክ ስለ ነበረ በዚያ ቮልታ ልክ ነው። ብረት በሌለበት የተንቀሳቀሰው እግር ደግሞ የራሱ ኤሌክትሪክ ስላለው በዚያ ጋልቫኒ ልክ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ የጋልቫኒ እውነት ጠርቶ ለመታየት 150 ዓመት ያህል ፈጀ።

መሐላው

በ1796 የናፖሊዮን ቦናፓርት ሠራዊት ቦሎኛ ገባ። በሚከተለውም ዓመት ቺሳልፒና የሚባል አዲስ ሪፐብሊክ ተቋቋመና የመንግሥት ደመወዝ የሚበላ መምህር ሁሉ ለአዲሱ መንግሥት ታማኝነቱን በመሐላ እንዲያረጋግጥ ታዘዘ። ብዙዎች ማሉ። ከእነርሱም መካከል ልጆቻቸውን ለማሳደግ ሲሉ የማሉ ይኖራሉና ልንፈርድባቸው አይገባም። ጋልቫኒ ግን መሐላው ከእምነቱና ከኅሊናው ጋር የሚጋጭ ሆኖ ስላገኘው አልምልም አለ።

ስለዚህ በ1798 ከማስተማር ሥራው ተባረረ፤ ደመወዙም ተቋረጠ። ዕድሜው 60 ዓመት ነበር። ሚስቱ ሞታለች፤ ልጅ የለውም፤ በሽታም ጸንቶበታል። ወንድሙ ወደሚኖርበት ቤት ገብቶ ተጠጋ። ወዳጆቹ ስለ እርሱ ደክመው ያለ መሐላ ወደ ሥራው እንዲመለስ መንግሥት ፈቀደለት፤ ነገር ግን ፈቃዱ ሳይፈጸም በዲሴምበር 4 ቀን 1798 ዐረፈ። እንግዲህ በሥጋ ውስጥ ያለውን መብረቅ ያገኘው ሰው የሞተው ያለ ሹመትና ያለ ደመወዝ፣ በክርክሩም እንደ ተረታ ተቈጥሮ ነው።

ከሞቱ በኋላ

የእኅቱ ልጅ ጆቫኒ አልዲኒ የአጎቱን ስም ለማስጠራት በየአገሩ እየዞረ ሙከራውን በአደባባይ አሳየ። በ1803 በለንደን በሞት የተቀጣ ሰው ሬሳ ላይ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍ የሬሳው ፊት ተኰማተረ፤ እጁም ተነሣ። ይህም ብዙ ሕዝብ አስደነገጠ። ጋልቫኒ ግን እንዲህ ያለውን ትርኢት የሚወድ ሰው አልነበረም።

የጋልቫኒ ስም ግን በየቤታችን አለ። ከዝገት እንዲጠበቅ በዚንክ የተለበጠ ብረት በውጭ አገር ቋንቋ ጋልቫናይዝድ ይባላል፤ ስሙም ከጋልቫኒ የመጣ ነው። በክረምት ዝናም የሚደበድበው የቤታችን ቈርቈሮ እንግዲህ የዚህን ሐኪም ስም ተሸክሟል። ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚለካው መሣሪያም ጋልቫኖሜትር ይባላል። በቦሎኛም በ1879 ሐውልት ቆሞለታል፤ ሐውልቱ የእንቁራሪት እግሮች ያሉበትን ሰሌዳ ይዞ ቍልቍል ሲመለከት ይታያል።

ጋልቫኒ ያልደረሰበት ምሥጢር

አሁን ወደ ፋሲካው ጥያቄዬ ልመለስ። ጋልቫኒ በጡንቻ ውስጥ ኤሌክትሪክ መኖሩን አወቀ፤ ነገር ግን ምን እንደሚያመነጨውና ምን እንደሚያቆመው ለማወቅ በዘመኑ መሣሪያ አልነበረም። ይህን የፈቱት ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሊቃውንት ናቸው።

የጡንቻ ክር በስስ ሽፋን የተከበበ ነው። ከሽፋኑ ውጭ ሶዲየም ይበዛል፤ በውስጡ ደግሞ ፖታሲየም ይበዛል። ሶዲየም ማለት ከምግብ ጨው ውስጥ የምናገኘው ነው። ክሩ ባረፈ ጊዜ ውስጡ ከውጭው ይልቅ በ90 ሚሊቮልት ያህል ዝቅ ያለ ነው። ጋልቫኒ ጡንቻ በውስጥና በውጭ ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ ለያይቶ ያከማቻል ያለው በዚህ ተፈጸመ። አላን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ የሚባሉ እንግሊዛውያን ስኩዊድ በሚባል የባሕር እንስሳ ወፍራም ነርቭ ላይ ሠርተው በ1952 እንዳሳዩት፣ መልእክት ሲመጣ ሽፋኑ በመጀመሪያ ሶዲየምን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ቀጥሎም ፖታሲየምን ወደ ውጭ ያስወጣል። ስለዚህም በ1963 የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት መካከል ሆኑ። በ1970 ደግሞ ኤድሪያን፣ ቻንድለርና ሆጅኪን ይህንኑ በጡንቻ ክር ላይ መረመሩ። የመረመሩትም ጡንቻ የእንቁራሪት ነበር። ጋልቫኒ ቢሰማ እንዴት ደስ ባለው!

ሶዲየም የሚገባበት በር አስደናቂ ነው። በሩ ሁለት መዝጊያ አለው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው መዝጊያ ኤሌክትሪኩ ሲለወጥ ወዲያው ይከፈታል። ሁለተኛው ግን ከአንድ ሰከንድ አንድ ሺኛ ያህል ጊዜ ብቻ ቆይቶ በሩን ከውስጥ በኩል ይወትፈዋል። አርምስትሮንግና ቤዛኒያ የሚባሉ ሊቃውንት በ1977 ይህን በገመድ የታሰረ ኳስ ከቀዳዳ ሲሰነቀር መሰሉት። እኔ ግን የአያቴን የጠላ ጋን ውታፍ አስታወሰኝ። ውታፉ በገመድ ከጋኑ ጋር ታስሮ ተንጠልጥሏል፤ ጠላው ጥቂት እንደ ወረደ ተመልሶ አፉን ይደፍናል። አንድ ጊዜ ከተወተፈ ደግሞ ክሩ ወደ ዕረፍቱ እስኪመለስ ድረስ በሩ ቢንኳኳም አይከፈትም። እጃችንን አንሥተን እንደ ገና ልናወርድ የምንችለው፣ ጡንቻችንም ታዝዞ ተኰማትሮ ታዝዞ የሚላላው ይህ ውታፍ በጊዜው ስለሚዘጋ ነው።

ውታፉ በሚገባ ባይገጥምስ? እንዲህ ያለ ሰው በዓለም ላይ አለ። ከአባት ወይም ከእናት በሚወረስ አንድ ዓይነት በሽታ፣ ሰውየው ሠርቶ ሲያርፍ ወይም ፖታሲየም የበዛበት ምግብ ሲበላ ሰውነቱ ይደርቃል፤ አንዳንድ ጊዜም ለሰዓታት መንቀሳቀስ ያቅተዋል። ካነን፣ ብራውንና ኮሪ በ1991 እንዳሳዩት ምክንያቱ አንዳንዶቹ የሶዲየም በሮች ሳይወተፉ መቅረታቸው ነው። ጥቂት ሶዲየም ሳያቋርጥ ሲገባ ጡንቻው ሳይታዘዝ ደጋግሞ ይኰማተራል። ፍሳሹ ሲበዛ ደግሞ ክሩ ወደ ዕረፍቱ መመለስ ስለማይችል ደኅነኞቹ በሮች ሁሉ ተወትፈው ይቀራሉ፤ በዚያን ጊዜ ጡንቻው ቢያዙት አይሰማም። አንዱ ጥፋት መድረቅንም መስነፍንም እንደሚያመጣ ሳነብ ብዙ ተደነቅሁ።

የበጉም ነገር እንዲሁ ነው። ከብቱ ከታረደ በኋላ የጡንቻው ክሮች ኤሌክትሪካቸውን ወዲያው አይጥሉም፤ ስለዚህ የተቈረጠው ነርቭ ሲቀሰቅሳቸው ይርገበገባሉ። ነገር ግን ደም ስለማይደርሳቸው ኃይላቸው ያልቃል፤ ሶዲየምን መልሶ የሚያወጣው ሥራም ይቆማል። ክሩ ዕረፍቱን ሲያጣ በሮቹ አንድ በአንድ ይወተፋሉ፤ ሥጋውም ጸጥ ይላል። አያቴ ነፍስ ያሉትን ነገር ሳይንስ አልመዘነውም፤ እኔም በትምህርት እኮራለሁ ብዬ የአያቴን ቃል አልነቅፍም። ሥጋውን ጸጥ ያሰኘውን ግን አሁን አውቃለሁ።

ማጠቃለያ

በመጀመሪያ እንደ ተናገርሁት ይህን ታሪክ የጻፍሁበት ሌላ ምክንያት አለኝ። ዘንድሮ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ነኝ። አባቴ ሐኪም እንድሆንለት ይመኛል፤ ለዚህም ብሎ ለራሱ ካፖርት ሳይገዛ የእኔን መጻሕፍት ገዝቷል። እኔ ደግሞ ልቤ ወደ ሥነ ጽሑፍ ያዘነብላል። ስለዚህ ነገር በቤታችን ብዙ ምሽት ዝምታ ሆኗል። ለአባቴ ከታዘዝሁ ራሴን የካድሁ፣ እንቢ ካልሁም አባቴን ያዋረድሁ ይመስለኝ ነበር።

የጋልቫኒን ታሪክ ሳነብ ግን አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ጋልቫኒ በወጣትነቱ ለወላጆቹ እሺ ብሎ የተመኘውን ኑሮ ተወ፤ በሽምግልናው ግን ለታላቅ መንግሥት እንቢ ብሎ እንጀራውን አጣ። ያው አንድ ሰው ነው። በምን ሙያ ልደር በሚለው ነገር ለሚወዱት ሰዎች ምክር ተሸንፏል፤ ኅሊናዬ የማያምንበትን ልማል በሚለው ነገር ግን ለማንም አልተሸነፈም። ሕክምናንም ከያዘ በኋላ የራሱን ጥያቄ አልተወም፤ በቤቱ ጠረጴዛ ላይ 11 ዓመት ተከተለው እንጂ። እኔ እስከ ዛሬ ሁለቱን ነገሮች አደባልቄ ኖሬአለሁ።

ገና ቍርጥ አሳብ አላደረግሁም። ይህ መጽሔት ታትሞ ሲወጣ ግን ከሁሉ አስቀድሜ ለአባቴ እሰጠዋለሁ፤ እርሱም ማታ መነጽሩን አድርጎ ሲያነበው በአጠገቡ እቀመጣለሁ። በቃል መነጋገር ያቃተን እንደ ሆነ በዚህ ጽሑፍ መነጋገር እንጀምራለን ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ውድ ጓደኞቼ፣ የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች ሆይ፤ በሚመጣው በዓል ሥጋ ሲርገበገብ ብታዩ አትደንግጡ፤ ልጆችም ሲጠይቁ ዝም በሉ አትበሏቸው። ጋልቫኒን ትልቅ ሰው ያደረገው በአጋጣሚ ያየውን ትንሽ ነገር ሳይንቅ ለምን ብሎ መጠየቁ ነበርና።